ለቆሰለ ጣት የናይለን ክር

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ስድስቱንም ክሮች ፈታኋቸው። ባለቤቴ ሌንሴ ከቢሮ ሳትመለስ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ የሰው በግ እንደሚያርድ ሰው። ጊታሩ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኔ ጋ የሚያድረው የምጫወተው እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው። ሳልጠይቅ የብረት ክሮቹን አውልቄ ናይለን ላስርበት ነው።

ምክንያቱ የግራ እጄ የቀለበት ጣት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀጭኗ ክር ሰነጠቀችኝ። ጤነኛ ሰው ላይ በአራት ቀን የምትደርቅ ቁስል ናት። እኔ ላይ እስከ ዛሬ አፏን ከፍታ ተቀምጣለች። የመዘምራን መሪያችን ሲፈን ትናንት ፕላስተሩን አይታ "እስካሁን አልዳነም እንዴ?" አለችኝ። "ይሄ ሌላ ነው" አልኳት። ለፕላስተር እንኳን እዋሻለሁ።

ለምን እንደማይድን አውቃለሁ። ስኳር አለብኝ። ይህን ስጽፍ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ምክንያቱም ምእመኑ ሁሉ እኔ ከስኳር እንደተፈወስኩ ያውቃል። የሰማውም ከኔው አፍ ነው።

አንድ ጊዜ በቅጡ ልጻፈው። የዛሬ ስምንት ወር የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዝን። ከውሃ በቀር ምንም የለም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ክሊኒክ ሄጄ ተለካሁ፤ ዘጠና ስድስት። ከሁለት መቶ ወርዶልኝ አያውቅም ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሁድ ወጥቼ መሰከርኩ፤ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ዱጉማ ወረቀቱን ለጉባኤው አነበቡት፤ እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ኪኒኑን ተውኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የውሃ ጥሙ ተመለሰ። ሰው እንዳያየኝ ጉደር ድረስ ሄጄ ብለካ ሦስት መቶ አርባ። አሁን ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ፣ የቅቤ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው።

ሦስት ቀን ያልበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ቢሳሳት እሺ። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

ያኔ መሳሳት ነበር። ያኔውኑ ተመልሼ "ቸኩያለሁ" ብል ሰው ይስቅ ነበር፣ ያልፍ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ትናንት ግን ስህተት አልነበረም። ከጌዶ እንግዶች መጥተው ነበር፤ ኦቦ ዱጉማ "ቲቸር ገመቹ፣ እስቲ ለእንግዶቻችን ንገራቸው" አሉኝ። ተነሳሁ። ነገርኳቸው። ጠዋት የተወጋሁበት ሆዴ ላይ ቀበቶዬ እየነካካኝ።

ይብቃ። ሥራ።

ናይለኑን አዲስ አበባ ያለው የድሮ የኮሌጅ ጓደኛዬ በሚኒባስ ላከልኝ፤ ስድስቱም በአንድ ፖስታ። ለስላሳ ነው፣ ጣት አይቆርጥም። ችግሩ ጊታሩ ለብረት የተሠራ መሆኑ ነው። የብረት ክር ጫፉ ላይ ትንሽ የነሐስ ዶቃ አለችው፤ ጉድጓዱ ውስጥ የምትይዘው እሷ ናት። ናይለኑ ዶቃ የለውም። ከአሮጌዎቹ ላይ ዶቃዎቹን በጉጠት ፈልቅቄ በናይለኑ ጫፍ አንድ በአንድ አሰርኳቸው። በዚህ ኮራሁ።

ከዚያ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ አጥንት። ክሮቹ የሚያልፉባት ስንጥቆች ለቀጭን ብረት የተቀደዱ ስለሆኑ ወፍራሙን ናይለን እምቢ አሉ። በሌንሴ የጥፍር ሞረድ አሰፋኋቸው። አራተኛው ላይ እጄን አበዛሁ። አሁን ክሩ ሲመታ ዝዝዝ ይላል። ከአሮጌ ሲም ካርድ ላይ ትንሽ ቆርጬ ከሥሩ ወተፍኩበት፤ ዝም አለ። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሞርጃለሁ። የተሞረደ አጥንት መልሶ አይበቅልም።

ቀጭኗን የመጨረሻዋን ክር ሳልቃኛት ትርፏን ቆረጥኩ። ቋጠሮዋ ሸሸና ወጣች። እንደገና ላስራት ስል አጠረች። አምስት ክር ያለው ጊታር ይዤ ተቀምጫለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አሥረኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ። የዛሬው ርዕስ ቆሽትና ኢንሱሊን። ተማሪዎቹን ላለማየት ሰሌዳው ላይ ብዙ ጻፍኩ። ፊቴን ሳዞር ጠመኔው አልቆ ነበር።

ከትምህርት በኋላ ከድር ሱቅ። ከድር ከስልጤ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ነው፤ ገመድ፣ ምስማር፣ ቀለም፣ የማይሸጠው ነገር የለም። የዓሣ ማጥመጃ ክር እንዳለው አውቃለሁ፤ ወደ ወንጪ የሚሄዱ ልጆች ከእሱ ነው የሚገዙት። ክራር የሚሠሩትም በዚሁ ክር ነው የሚያስሩት፣ ለጊታር የማይሆንበት ምክንያት የለም።

"ቲቸር፣ ዓሣ ጀመርክ?"

"ለጊታር ነው።"

ሳቀ። ውፍረቱን ለማስተያየት ክሩን ጣቴ ላይ ጠመጠመው። ከዚያ እጄን ገልብጦ የጣቶቼን ጫፍ አየ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ፣ ስኳሬን ለመለካት በየቀኑ የምወጋቸው። አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት የራሱን መዳፍ ከኔው ጎን ዘረጋ። ነጥቦቹ እዚያም አሉ።

"እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። አንተስ?"

"ምኑ?"

"ተው እንጂ ቲቸር።"

"የጊታር ነው" አልኩት። ቀኝ እጄም ላይ እንዳለ እያየ።

አልተከራከረኝም። ክሩን እየቆረጠ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?" አለ።

"መድኃኒቱንማ ከጉደር..." ብዬ ጀመርኩና አፌን ያዝኩ።

ከድር እንዳልሰማ ሆነ። ክሩን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና "ጠዋት ጠዋት ተራመድ፣ እሱ ነው ለኔ የጠቀመኝ" አለ። ይኸው ነው። ሱቁ አልፈረሰም፣ ሰማዩም አልወደቀም። ከሌንሴ ሌላ የመጀመሪያው ሰው ነው ያወቀው። ቸርች የማይመጣ ሰው በመሆኑ ደስ አለኝ። እዚህ ድረስ ወርጃለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ያነዳል፤ ጭሱ ሳሎን ድረስ ገብቷል።

የዓሣው ክር ሠራ! ከፖስታው ናይለን ትንሽ ይጠነክራል እንጂ ድምፁ ንጹሕ ነው። ስድስት ክር ያለው ጊታር አለኝ። ቁስሌ ላይ ተጭኜ አንድ ሙሉ መዝሙር ተጫወትኩ፤ አላመመኝም።

ችግር፦ ናይለን ይለጠጣል። ቃኝቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቅኝቱ ወርዷል። ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ቃኘሁት። በስልኬ የማየው ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ እስኪረጋ ጥቂት ቀን ይፈጃል ይላል። እሁድ አራት ቀን ይቀረዋል።

ሌንሴ ከጓዳ ወጥታ ቆማ ሰማችኝ። "ያምራል" አለች። ደስ ሊለኝ ሲል "ግን ጊታሩ ምን አጠፋ?" አለች።

"ማለት?"

"ያንተን በሽታ ጊታሩ ላይ ነው የምታክመው።"

ስምንት ወር ሙሉ የምትለኝ ይህንኑ ነው፤ በየጊዜው በሌላ ቃል። ሰው ሲመጣ የቅቤ ዕቃውን ከኋላ የምትገፋው እሷ ናት። አንድ ቀን እናቴ ቅቤ ፈልጋ ፍሪጁን ስትከፍት ሌንሴ እንዴት እንደሮጠች አልረሳውም። እኔ ዋሸሁ፣ የምትሮጠው እሷ። ጭሱን አሳብቤ ዓይኔን ጠረግኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

አዴ ጫልቱ መጡ። 

አዴ ጫልቱ ድንች ከጎጆ ከተማ እያስመጡ በጅምላ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የጭነት ሾፌር የሚፈራቸው፣ እሳቸው ግን ማንንም የማይፈሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስኳር አለባቸው፤ አንድ ቀን ደብቀውት አያውቁም። የሴቶች ጸሎት ላይ የመርፌ ሣጥናቸውን ከፍተው "ቆይ ቁርሴን ልብላ" ብለው እዚያው ይወጋሉ። ስንቴ ቀንቼባቸዋለሁ።

"አከም ጂርታ ቲቸር! የምሥራች ይዤልህ መጣሁ" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "መርፌውን ጣልኩት። ከእሁድ ጀምሮ። ይኸው አምስተኛ ቀኔ።"

ወንበሩን ያዝኩት።

"ለጌዶ እንግዶች ስትናገር አንጀቴን በላኸው። ስንት ዓመት ስወጋ፣ ለአንተ ያደረገ ዋቃዮ ለእኔ አያደርግም? አልኩ። ማታውኑ ተውኩት። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እንደ አንተ ሦስት ቀን እጾማለሁ። እኔስ ውሃም አልነካ። እሁድ ወጥቼ እመሰክራለሁ፤ አንተ በጊታርህ ታጅበኛለህ። እሺ?"

ምን አልኩ? እዚህ እውነቱን ልጻፍ። "ውሃ እንኳን ይጠጡ" አልኩ። "ሐኪም ቢያማክሩ" አልኩ። "አንተ አማክረሃል?" አሉኝና ሳቁ። ፊታቸው ደርቋል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ደስታቸው ግን የልጅ ነው። "ቅዳሜ ክሊኒክ ይለካሉ አይደል? ለወረቀቱ?" አልኩ። "ወረቀቱ መቼ ይቀራል" አሉ። ያችን ቃል እንደ ገመድ ያዝኳት። ቅዳሜ ይለካሉ፤ ክሊኒኩ ይነግራቸዋል፤ መርፌ ይሰጣቸዋል፤ እኔ ምንም ማለት አያስፈልገኝም። በዚህ ሐሳብ በር ድረስ ሸኘኋቸው።

ሌንሴ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገራቸው?"

"እኔ ነኝ የምነግራቸው። ነገ።"

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ነገ ያልኩት ዛሬ ነበር። አልሄድኩም። ምክንያቶቼ በተራ፦ የፈተና ወረቀት ማረም፣ የመምህራን ስብሰባ፣ የመዘምራን ልምምድ። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ሦስቱም ውሸት ናቸው።

ልምምዱ ላይ ተጋለጥኩ ማለት ይቻላል። ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አያያዝኩት። መታሁት። ዝም። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ድምፁን ጨመርኩ። ዝም። በኋላ ነው የገባኝ። ጊታሩ ሆድ ላይ የተገጠመው ድምፅ ማንሻ ማግኔት ነው፤ የሚሰማው ብረት ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው። ናይለን ለእሱ የለም ማለት ነው። ይህን እንዴት አላሰብኩም? ጣቴን ብቻ ሳስብ።

ሲፈን መጥታ ክሮቹን ነካች። "ቲቸር፣ ምን አደረግኸው?"

"ድምፁ እንዲለሰልስ ብዬ ነው። ለአምልኮ ለስላሳ ድምፅ ይሻላል።"

ለአምልኮ! የእግዚአብሔርን ስም ለጣቴ መሸፈኛ። ሲፈን ፕላስተሩን አየች፣ እኔን አየች። ማይክ አምጥታ ጊታሩ ፊት አቆመችልኝ። "በዚህ እንሞክረው፤ እሁድ የአዴ ጫልቱ ምስክርነት ስላለ ማማር አለበት" አለች። ሁሉም ስለ እሳቸው ያወራል።

ስመለስ በቤታቸው በኩል ዞርኩ። የቆርቆሮው በር ዘንድ ቆምኩ። ውስጥ በኦሮምኛ እየጸለዩ ነው፤ ድምፃቸው ደርቆ ይቆራረጣል። ስሜን ጠሩ። ስለ እኔ እያመሰገኑ ነው። እጄን አንስቼ ሳላንኳኳ መለስኩት። ክሊኒኩ ነገ ይነግራቸዋል ብዬ ለራሴ እየደገምኩ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ የባሰ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ነግሬያቸዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሌንሴ ነጠላዋን ለብሳ ሳሎን መጣች። "እኔ እየሄድኩ ነው" አለች። ተነሳሁ። የስኳር መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። 

አዴ ጫልቱ አልጋ ላይ ናቸው። በሩን የከፈቱልን ግድግዳ ይዘው ነው፤ መልሰው ተኙ። እስትንፋሳቸው ፈጠን ፈጠን ይላል። እንዲያም ሆኖ ፈገግ አሉ። "አጃቢዬ መጣ!"

"ክሊኒክ ሄዱ?" አልኩ።

"ለምን? ያንተን ወረቀት አይተናል እኮ። እኔ ያለ ወረቀት ነው የማምነው።"

ገመዴ እዚያ ላይ ተበጠሰ። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ተናገርኩ። አልዳንኩም አልኩ። ዘጠና ስድስት ያለው ስላልበላሁ ነው አልኩ። በየቀኑ ሁለቴ እወጋለሁ አልኩ። ሌንሴ ራሷን ነቀነቀችላቸው፣ እውነት ነው ለማለት።

አላመኑኝም። ክንዳቸውን ዘርግተው ገፉኝ። "ሂድ! ይሄ የገመቹ አፍ አይደለም። እሁድ ሲደርስ ጠላት እንደሚመጣ አውቅ ነበር።" ከዚያ በኢየሱስ ስም እያሉ ይገሥጹኝ ጀመር፤ እኔን ሳይሆን በእኔ ውስጥ ያለውን። በዚያ በደረቀ አፋቸው።

ምን ላድርግ? መለኪያውን አወጣሁ። ጣቴን ወጋሁ፣ ዓይናቸው እያየ። ሁለት መቶ ሰባ አንድ። መነጽራቸውን ፈልጋ ሌንሴ ሰጠቻቸው። ቁጥሩን አራቁት፣ አቀረቡት። ሆዴን ገልጬ የመርፌውን ሰማያዊ ምልክቶች አሳየኋቸው። እናቴም አይታኝ አታውቅም።

መለኪያውን መለሱልኝ።

"እሁድ ለእንግዶቹ ስትናገር፣ ይህን ታውቅ ነበር?"

ሌላ ማንኛውም ጥያቄ ይሻለኝ ነበር።

"አውቅ ነበር።"

አላለቀሱም፣ አልሰደቡኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። ጣታቸውን ወጋሁ። መለኪያው ቁጥር አልሰጠም፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ። ከፍ ብሏል፣ መቁጠር አልችልም ማለቱ ነው። ሌንሴ ሮጣ ባጃጅ ጠራች። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ በእኔና በሌንሴ መካከል ተቀምጠው ራሳቸው በሌንሴ ትከሻ ላይ ነበር።

ሐኪሙ ውሃ ለስንት ቀን እንዳልጠጡ ጠየቀ። "ሦስት" አልኩ። "አንድ ሌሊት ቢያድሩ ኖሮ..." አለና ወረቀቱ ላይ መጻፍ ቀጠለ። መርፌውን ማን እንዳስቆማቸው አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 16

ጠዋት ነርሷ በስልክ "ነቅተዋል" አለችን። የጨው ውሃው ገና በደም ሥራቸው እየገባ ነው።

ቸርች ሄድኩ። ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ጊታሩን ማይኩ ፊት ይዤ ሦስት መዝሙር ተጫወትን፤ ናይለኑ በመካከል ወረደብኝ፣ ማንም ልብ አላለም። ከዚያ ኦቦ ዱጉማ ተነሱ። "አዴ ጫልቱ የታሉ?" አሉ። ሰዉ ዞር ዞር አለ።

ጊታሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ማይኩን ለመንኳቸው። በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት፤ ለማስታወሻ እንጂ ለዚህ አማርኛዬ አይበቃኝም። ምን ያህል እንደተናገርኩ አላውቅም። አልተፈወስኩም። ባለፈው እሁድ እያወቅኩ ዋሸሁ። አዴ ጫልቱ ሆስፒታል ናቸው፣ በእኔ ነው። ስጨርስ አሜን የሚል የለም። አንድ ሕፃን ብቻ ነው የሚያስለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እዚያ ቆሜ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ኦቦ ዱጉማ ማይኩን ወሰዱ። እንደሚገሥጹኝ ጠበቅኩ። "ያን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ስንት ቀን ሳይበላ ነው የተለካው ብዬ አልጠየቅኩም። ደስ ስላለኝ አልጠየቅኩም።" ትንሽ ቆሙ። "በዚህ ምስክርነት መድኃኒቱን ያቆመ ሌላ ሰው ካለ፣ እጁን ያንሳልኝ።"

ይህን እኔ አላሰብኩም ነበር። አንድም ጊዜ።

ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ ከኋላ የሚቀመጥ የቀበሌ ዘበኛ ነው፤ የደም ግፊት ኪኒኑን ከስድስት ወር በፊት ትቷል። ሌላዋ እጇን ግማሽ ድረስ ብቻ አንስታ መለሰች። ኦቦ ዱጉማ ስብከቱን ለሌላ ሰው ሰጥተው ሁለቱን ይዘው ወጡ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ታስሮ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ትምህርት ቤት ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ተቋረጠ። አንዱ "አይዞህ" አለኝ፣ ሌላው "እምነትህን ስለጣልክ ነው የተመለሰብህ" አለኝ፣ ሦስተኛው ሻይ ውስጥ ስኳር ስንት ልጨምርልህ ብሎ ቀለደ። በሦስተኛው ሳቅሁ።

ማታ ግድም ኦቦ ዱጉማና ሲፈን ቤት መጡ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለጊዜው ከአገልግሎት እንዳርፍ ወስነዋል። ጊታሩን ሊወስዱ ነው። ኦቦ ዱጉማ ይህን ሲናገሩ ከእኔ ይልቅ እሳቸው አፈሩ። የጠበቅሁት ነው፤ ግን ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ መዝሙር ነው የምጫወተው።

"የብረት ክሮቹን መልሰህ እሰርልን" አለች ሲፈን።

እዚህም መናዘዝ ነበረብኝ። አይቻልም አልኳት። ክሮቹን ዶቃቸውን ፈልቅቄ አበላሽቻቸዋለሁ። አጥንቱንም ሞርጄዋለሁ፤ ቀጭን ብረት ቢገባበት ይንቀጠቀጣል። ሲም ካርድ የወተፍኩበትን ቦታ ራሴ አሳየኋት። ለአምልኮ ነው ያልኳት ውሸት ነው አልኩ፣ ለጣቴ ነው።

"ጣትህን አውቄ ነበር" አለች። "ወንድሜም ስኳር አለበት።"

አውቃ ነበር! ዓርብ ማይኩን ስታቆምልኝ አውቃ ነበር። ለመዋሸት ስንት ደከምኩ።

አዲስ አጥንት ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እስክለውጥ ጊታሩ እንዳለ ይሂድ ተባለ። ኦቦ ዱጉማ በሁለት እጃቸው አቅፈው ወሰዱት። የሳሎኑ ጥግ ባዶ ሆነ።

የቅቤ ዕቃውን አወጣሁት። መድኃኒቱን ፍሪጁ በር ላይ፣ ከወተቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሌንሴ አይታ የቅቤ ዕቃውን አጠበችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ሆስፒታል ስሄድ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እሁድና ሰኞ አዴ ጫልቱ አላናገሩኝም። ሌንሴ ያመጣችውን ሾርባ ይቀበላሉ፣ እኔ ስቀርብ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ነርሷ ስትነግረን ደግሞ ባሰብኝ፤ መርፌውን ያለ ጭቅጭቅ አይወስዱም። "ማንን ልመን?" ይላሉ አሉ። በአንድ በኩል እኔ ነኝ፣ በሌላ በኩል ሐኪሙ፤ ሁለታችንንም ጠርጥረዋል። ስኳራቸው ትንሽ ወርዷል እንጂ ገና አልረጋም። እንዲህ እያሉ ቤታቸው ከተመለሱ ብቻቸውን ናቸው።

ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባሁ። ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው፣ ሁሉም ጋ ጠያቂ አለ። ነርሷ መርፌውን ይዛ መጣች። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አላወጡም።

"እሱ መጀመሪያ ይወጋ" አሉ።

ነርሷ ግራ ገባት። "ማን?"

"እሱ። የእሱም ሰዓት አሁን ነው፤ ሚስቱ ነግራኛለች። ቦርሳው ውስጥ አለ።"

ነበረ። ስምንት ወር ሙሉ የተወጋሁት ሽንት ቤት ቆልፌ ነው። ጠያቂዎቹ ሁሉ ዞረው እያዩኝ ነው፤ አጠገባችን ካለው አልጋ ላይ ያሉት ሽማግሌ ክርናቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከሰዎቹ መካከል አንድ ተማሪዬ አለ፣ አሥረኛ ክፍል። ሸሚዜን ገለጥኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። መጠኑን አብዝቼ ቀዳሁ፤ መልሼ በልኩ አደረግኩት።

"ዞር በል፣ አልታየኝም" አሉ አዴ ጫልቱ።

ዞርኩላቸው። ወጋሁ። መርፌው እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ክንዳቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ለነርሷ ዘረጉ። "አንቺም ቶሎ በይ፣ እራቴ ይቀዘቅዛል" አሏት።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም። ብርጭቆ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ተቀብለው ጠጡ። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

"ጠዋት የሚወጉኝ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እንዳታረፍድ።"

ቤት እንደገባሁ ሌንሴ ከወትሮው ቀደም ብላ እንድትቀሰቅሰኝ ነገርኳት።